ዝናቡ የዘነበው ሌላ ወረዳ ነው፦ ተባባሪ የመንግሥት አመራሮችን በሲሙሌሽን ልምምድ ለማፍራት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ካርዱ ላይ የተጻፈው ከሦስት መስመር አይበልጥም። «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20። ደጋ ካለው ጎረቤት ወረዳ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለችልዎ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቧል፣ አሁንም አላባራም አለችዎ።»

የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ካርዱን አነበቡት። አጠፉት። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። በስተቀኛቸው የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዋ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የፖሊስ አዛዡ አሉ። ለሁለቱም ምንም አልነገሯቸውም። 20 ደቂቃ አለፈ። በልምምዱ ሰዓት ጎርፉ ከተማው ገባ። ካርዱ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ልምምዱ ሲያልቅ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው። ካርዱን አውጥተው ደግመው አነበቡት። «ዝናብ እኔን አይመለከተኝም ብዬ ነው። የሚመለከተው አካል ያውቀዋል ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

እኚህ ሰው ግድ የለሽ አይደሉም። ወረዳውን ጓዳ ጎድጓዳው ሳይቀር የሚያውቁ፣ ሌሊት ተጠርተው የማያንገራግሩ ሰው ናቸው። ስለ ቅንጅታዊ አሠራርም ደጋግመው ሰልጥነዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ማበሩን ግን የት ተለማመድነው? ኃላፊዎቻችን አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚገናኙት ሪፖርት ለማቅረብ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሴክተር ያቀርባል፣ ይቀመጣል። አብረው አንድ ችግር ሲፈቱ የሚተያዩት ችግሩ በእውን ሲመጣ ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ለመማር ጊዜ የለም።

የሲሙሌሽን ልምምድ ይህን ክፍተት ይሞላል። ማንንም የማይጎዳ ችግር አንድ ክፍል ውስጥ ትፈጥራላችሁ። በእውን አብረው መሥራት ያለባቸውን ሰዎች ታስገባላችሁ። እንዲወስኑ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ምን እንደሆነ አብራችሁ ታያላችሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር አመራሮች ልምምድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ለክልል ቢሮም ሆነ ለፌዴራል መስሪያ ቤት በቀላሉ ይስተካከላል።

ደረጃ 1፦ ምን ስታዩ «ተባበሩ» እንደምትሉ ወስኑ

የስልጠና ፕሮፖዛል ላይ «የአመራሩን የቅንጅታዊ አሠራር አቅም ማጎልበት» ተብሎ ይጻፋል። ይህ በዓይን አይታይም። በዓይን የማይታይ ነገር ላይ ደግሞ ልምምድ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ መሬት አውርዱት። ተባባሪ አመራር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ምን ሲያደርግ ይታያል?

ሳይጠየቅ መረጃ ያካፍላል። «ከሥልጣኔ ውጭ ነው» ብሎ ስልኩን አይዘጋም፤ ሥልጣኑ ያለውን ሰው ፈልጎ ያገናኛል። ያልተስማማበትን እዚያው ይከራከራል፣ ከተወሰነ በኋላ ግን ውሳኔውን እንደ ራሱ ይዞ ይወጣል። የማይችለውን ነገር ቶሎ ይናገራል።

ለአንድ ልምምድ ከእነዚህ ሁለት ቢበዛ ሦስት ምረጡ። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። በየመስሪያ ቤታችን «እሺ» ማለት ቀላል ነው። «መኪና ትልካለህ?» «እሺ።» መኪናው ግን ጋራዥ ነው። ያኛው ሰው «እሺ»ን ይዞ ሰዎቹን አሰልፎ ይጠብቃል። «አልችልም» በጊዜ ቢነገረው ሌላ መኪና ይፈልግ ነበር። ይሉኝታ በሰላሙ ቀን ያኗኑረናል፣ በጎርፍ ሌሊት ግን ሰው ያስጨርሳል።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ምረጡ

የዓለም ጤና ድርጅት ልምምዶችን በአራት ይከፍላል። አንደኛው በጠረጴዛ ዙሪያ በውይይት የሚደረግ ነው። ሁለተኛው አንድን ሥራ ብቻ ደጋግሞ መለማመድ ነው፤ ሕንፃ ለቆ መውጣትን የመሰለ። ሦስተኛው ሰዎች በየሥራ ቦታቸው ሆነው በእውነተኛ ሰዓት ስልክና መልእክት እየተለዋወጡ የሚያደርጉት ነው። አራተኛው አምቡላንሱም የእሳት አደጋ መኪናውም መንገድ ላይ የሚወጣበት ሙሉ የመስክ ልምምድ ነው።

ከጠረጴዛው ጀምሩ። ወረቀት፣ ማርከርና አዳራሽ ይበቃል። እኔ ግን ትንሽ እቀይረዋለሁ፤ ሰዎቹ ስለ ችግሩ ከመወያየት አልፈው ሰዓት እየቆጠረባቸው እንዲወስኑ አደርጋለሁ። ውይይት ብቻ ከሆነ ሁሉም ጥሩ ጥሩውን ይናገራል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኞቹን ሰዎች ጥሩ

ከ15 እስከ 24 ሰው በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ከኋላ የሚቀመጥ ይበዛል።

ዋናው ችግር ተወካይ ነው። ደብዳቤው ለኃላፊው ይሄዳል፣ የሚመጣው ትናንት የተቀጠረ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ይማራል፣ ውሳኔ ግን አይወስንም። ስለዚህ ደብዳቤውን ብቻ አትመኑ። በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ቀኑን ከኃላፊዎቹ ጋር ተማክራችሁ ቁረጡ። የበጀት መዝጊያው ሰኔ ላይ አትጥሩ፣ የሚመጣ የለም።

ሁለተኛ፣ የሚፈርመው ሰው ብቻ ሳይሆን ቁልፍ የያዘው ሰው ይኑር። የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊውን ጥሩ። የንብረት ክፍሉን ጥሩ። የፋይናንስ ሰው የሌለበት የአደጋ ልምምድ ህልም ነው፤ ሁሉም ያለ ገደብ ያዝዛል።

ሦስተኛ፣ ከመንግሥት ውጭ ያሉትን አትርሱ። በጎርፍ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ቀይ መስቀል አለ። እድር አለ። በአንድ ልምምድ ላይ «ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ» የሚል ካርድ ጣልን። ኃላፊዎቹ ሁሉ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተያዩ። ሕዝቡን እንዴት እንቀስቅስ? አንዱ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ እንሰር አለ። ያን ጊዜ ከጥግ የተቀመጡት የእድር ዳኛ «የኛ ለፋፊ ጥሩምባ አለው እኮ። ሰፈሩን በሩብ ሰዓት ያዳርሳል» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያ ጥሩምባ በየትኛውም መስሪያ ቤት የአደጋ እቅድ ውስጥ አልተጻፈም ነበር።

ደረጃ 4፦ ታሪኩን ጻፉ፣ ከዚያ ቆራርሱት

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

ታሪኩን ከእውነተኛ ክስተት ተነሱና ጻፉ። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ሰው ተኝቷል። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ታሪክ ለእኛ ሥራ ትልቁ ነጥብ ዝናቡ የዘነበበት ቦታ ነው። ውሃው በዋናነት የመጣው ከከተማው በላይ ካለው የምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ደጋው ኦሮሚያ ክልል ነው፣ ከተማው የራሱ አስተዳደር አለው። ዝናቡን የሚያየው ሰውና ውሃው የሚደርስበት ሰው አለቃቸው የተለያየ ነው። የመስሪያ ቤቶቻችን ችግር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ይፈልገዋል፣ በመካከላቸው ግን መንገድ የለም።

ታሪኩን ስትጽፉ የወረዳውን እውነተኛ ስም አትጠቀሙ። ሰው የራሱን ወረዳ ስም ሲያይ መከላከል ይጀምራል፤ «እኛ ጋ ይህ ችግር የለም» ይላል። «ወንዝ ዳር ወረዳ» በሉት። የሕዝብ ብዛቱን፣ የቀበሌዎቹን ብዛት፣ የመኪናውን ቁጥር ግን ከእውነቱ ጋር አቀራርቡት። ሦስት አምቡላንስ የሌለውን ወረዳ ሦስት አምቡላንስ አትስጡት።

አሁን ወደ መቆራረሱ። ታሪኩን የሚያሟላ መረጃና ሀብት በሙሉ ጻፉ። ከዚያ ለተሳታፊዎች አከፋፍሉት። ማንም ሰው ብቻውን መፍትሔ እንዳይኖረው አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ስጡ፦ ሌሎች የማያውቁት አንድ መረጃ፣ ሌሎች የሚፈልጉት አንድ ሀብት፣ እጁን የሚይዘው አንድ ገደብ። ለምሳሌ፦

የትምህርት ጽሕፈት ቤት ከፍታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት አለው፤ 400 ሰው ያስጠልላል። ቁልፉ ግን ዘበኛው ጋ ነው፣ ክረምት ስለሆነ ዘበኛው ገጠር ሄዷል። ተለዋጭ ቁልፍ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ጋ አለ። የትምህርት ኃላፊው ይህን አያውቅም።

የውሃ ጽሕፈት ቤት አንድ ቦቴ አለው፣ ነዳጅ የለውም። ነዳጅ ግብርና ጽሕፈት ቤት መጋዘን ውስጥ አለ፣ ለሌላ ሥራ ተብሎ የተያዘ ነው። ጤና ጽሕፈት ቤት በወንዙ ዳር ያሉ ነፍሰ ጡሮችንና አልጋ ላይ ያሉ ሕሙማንን ቤት ለቤት ያውቃል፤ ዝርዝሩ በኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ መዝገብ ላይ አለ። ፖሊስ ሬዲዮ አለው፣ የሚላክ ሰው ግን አራት ብቻ ነው። ፋይናንስ የመጠባበቂያ ገንዘብ አለው፣ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ አያወጣም። እድሩ ድንኳን፣ ድስትና ጥሩምባ አለው፤ ማንም ካልጠየቀው ግን አይናገርም።

የፋይናንሱን ሰው ገደብ በተለይ በጥንቃቄ ጻፉት። ገደቡ እውነተኛና ምክንያታዊ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የፋይናንስ ሰው ክፉ ተደርጎ ይታያል። ልምምዱ ላይ ሌሎቹ «ለምን አትሰጥም?» ማለት ትተው «ምን ወረቀት ብናመጣልህ ትችላለህ?» ብለው ሲጠይቁት አይቻለሁ። ያ ጥያቄ ከመጣ ልምምዱ ግማሽ ዋጋውን አስገኝቷል።

ደረጃ 5፦ ካርዶቹን በሰዓት አሰልፉ

20 የእውነት ደቂቃ አንድ የልምምድ ሰዓት ይሁን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለመጓዝ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ካርዶቹ ለተለያየ ሰው በግል ይሰጣሉ እንጂ ጮክ ተብለው አይነበቡም። አንድ ናሙና ቅደም ተከተል ይኸውና፦

6፡00፣ ለሁሉም፦ ከተማው ላይ ካፊያ ብቻ ነው። ሁላችሁም ተኝታችኋል።

7፡00፣ ለአስተዳዳሪው፦ ክልል ለስብሰባ ሄደዋል። ስልክዎ አይሠራም። ከጠረጴዛው ተነሥተው ከታዛቢዎች ጋር ይቀመጡ።

7፡20፣ ለጤና፦ ያ የደጋው ስልክ።

7፡40፣ ለፖሊስ፦ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ከላይ በኩል ድምፅ እሰማለሁ» ብሏል።

8፡00፣ ለሁሉም፦ መብራትና ኔትወርክ ጠፍቷል። ከአሁን በኋላ ከአጠገባችሁ ካልሆነ ሰው ጋር መነጋገር የምትችሉት መልእክተኛ ልካችሁ ብቻ ነው።

8፡20፣ ለቀበሌው፦ ውሃው ቤት ገብቷል።

9፡10፣ ለኮሙኒኬሽን፦ ኔትወርክ ተመልሷል። ፌስቡክ ላይ «ግድብ ተሰበረ» የሚል ወሬ እየተዛመተ ነው። ሰው ወደማይሆን አቅጣጫ መሸሽ ጀምሯል።

9፡30፣ ለስምሪት፦ አንድ የጭነት መኪና ብቻ ቀርቷል። ሁለት ቀበሌ እኩል ይጠይቃል።

11፡30፣ ለሦስት ሰዎች በተለያየ ካርድ፦ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የሟቾችን ቁጥር ይጠይቃል። ፖሊስ 9፣ ጤና 14፣ ቀበሌው 11 የሚል ቁጥር ይዘዋል።

የመጨረሻው ካርድ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ሦስቱም ለጋዜጠኛው የየራሳቸውን ቁጥር ሲሰጡ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ከአደጋ በኋላ የሕዝብ አመኔታ የሚጠፋው እንዲህ ባለች ነገር ነው።

ካርድ አታብዙ። ዘጠኝ አሥር ይበቃል። በካርዶቹ መካከል ያለው ዝምታ ሥራ ነው፤ ሰው የሚያስበውና የሚነሣው በዚያ ጊዜ ነው።

ደረጃ 6፦ ክፍሉን አዘጋጁ

የክብር ጠረጴዛ አይኑር። ሴክተሮቹን በተለያየ ጠረጴዛ አስቀምጡ፤ ለመነጋገር ተነሥቶ መሄድ ይጠይቅ። ማን ተነሣ የሚለው በኋላ ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ እያንዳንዱ መልእክት «ልምምድ፣ ልምምድ» ብሎ ይጀምር። ይህን ሕግ አታላሉት። አንድ የልምምድ መልእክት ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ካመለጠ ከተማው ይሸበራል። እውነተኛ ችግር ቢፈጠር ሁሉም የሚያቆምበት አንድ ቃልም ቀድማችሁ ተስማሙ።

አበል ካለ የፊርማው ሥራ ጠዋት ይለቅ። ይህን የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ውይይቱ በጣም በሞቀበት ሰዓት የአበል ፊርማ ወረቀት ይዞር ጀመር። ሰው አንድ በአንድ ተነሣ። ያን ቀን የቀረው ውይይት አልተመለሰም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ከገንዘብ ያዡ ጋር ሰዓቱን አልተነጋገርኩም።

ደረጃ 7፦ ሲጀመር እጃችሁን ሰብስቡ

አመቻቹ መልስ አያቀብልም። የጤና ኃላፊው ካርዱን ኪሳቸው ሲከቱ ልቤ ደረቴን እየመታው ነበር። «ይናገሩ እንጂ!» ልል ምንም አልቀረኝም። ብናገር ኖሮ ያ ዝምታ አይኖርም፣ ትምህርቱም አይኖርም።

ሁለት ታዛቢ መድቡ። ታዛቢዎቹ አስተያየት አይጽፉም። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የተሳታፊዎቹን ስም በክብ ይጽፋሉ። አንድ ሰው ሌላውን ባነጋገረ ቁጥር በሁለቱ ስም መካከል መስመር ያሰምራሉ፣ ሰዓቱን ይጽፉበታል። በመጨረሻ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ብዙ ጊዜ መስመሩ ሁሉ ወደ አስተዳዳሪው ይሄዳል። ሴክተር ከሴክተር ጋር ያለው መስመር ከጣት ቁጥር አይበልጥም።

አስተዳዳሪውን በካርድ የምናስወጣውም ለዚህ ነው። ምስጢር አድርጋችሁ አትያዙባቸው፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ፈቃዳቸውን አግኙ። «እርስዎ በሌሉበት ቤትዎ እንዴት እንደሚሠራ ያዩበታል» ብላችሁ ብታስረዷቸው የሚከፋቸው ጥቂት ነው። አንዱ አስተዳዳሪ ከታዛቢዎቹ አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና «ለካ እኔ ነኝ መንገዱን የዘጋሁት» አሉኝ። ይህን እኔ ብናገር ኖሮ አይቀበሉኝም ነበር።

ደረጃ 8፦ ውይይቱ

ለልምምዱ የሰጣችሁትን ያህል ጊዜ ለውይይቱ ስጡ። ሁለት ሰዓት ከተለማመዱ ሁለት ሰዓት ይነጋገሩ። ሰዓት ካጠረ ከልምምዱ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትንኩ።

አንድ ምክር በጣም አጥብቄ እሰጣለሁ። «ግምገማ» አትበሉት። በመንግሥት ሥራ ውስጥ የቆየ ሰው ግምገማ ሲባል ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ሰው ተነሥቶ ሂስና ግለ ሂስ የሚያደርግበት፣ ከወንበር የሚወርድበት መድረክ ነው ብሎ ያስባል። ቃሉ እንደተነገረ ሁሉም ይዘጋል። «ምን እንዳየን እንነጋገር» በሉ። የሚነገረው ነገር በማንም የሥራ አፈጻጸም ላይ እንደማይያዝ ከአለቃው አፍ ይነገር። ይህን ቃል ከሰጡ በኋላ ማጠፍ ደግሞ ከባድ ጥፋት ነው። አንድ ሰው እዚያ በተናገረው ነገር ከተጎዳ በዚያ ወረዳ ልምምድ የሚባል ነገር አበቃለት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ስሜት፦ «ምን ተሰማችሁ?» አንድ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሰው ከጎርፉ ውስጥ ገና አልወጣም፤ ይህ ያወጣዋል። ቀጥሎ የሆነው ነገር ብቻ፦ ማን፣ መቼ፣ ለማን ነገረ? እዚህ ላይ የመስመሩን ወረቀት ግድግዳ ላይ ስቀሉት። «ለምን» የሚለው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻ «ነገ ሥራ ቦታ ላይ ይህ የት አለ?»

በዕድሜም በሥልጣንም ታናሽ የሆነው ይጀምር። አለቃው መጨረሻ ይናገሩ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው «የተከበሩ አስተዳዳሪያችን እንዳሉት» ብሎ ይቀጥላል፤ አበቃ።

ጥያቄዎቻችሁ ሰውን የሚወቅሱ አይሁኑ። «ለምን አልነገርሽም?» ከማለት «ካርዱ ሲደርስሽ ለማን ይጠቅማል ብለሽ አሰብሽ?» ብትሉ ይሻላል። «ማን ምን እንዳለው ብታውቅ ኖሮ ምን ትቀይር ነበር?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ይሠራል። ይህን ስትጠይቁ ሰዎቹ ካርዶቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፏቸው። ቦቴውና ነዳጁ፣ ትምህርት ቤቱና ቁልፉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ይለያል። ሁሉም ነገር ክፍሉ ውስጥ ነበረ። ማንም አልጠየቀም።

የጤና ኃላፊው የተናገሩት በዚህ ሰዓት ነው። ከእሳቸው በኋላ የፖሊስ አዛዡ ቀጠሉ። «እኔም የጥበቃውን ወሬ ካርድ አልተናገርኩም፣ ሳላጣራ ሕዝብ አላሸብርም ብዬ ነው» አሉ። ሁለቱ ካርዶች አንድ ላይ ቢነበቡ ኖሮ ማጣሪያ አያስፈልግም ነበር። አንዱ የሌላው ማጣሪያ ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ ሥራ አውርዱት

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚወድቀው። የትልልቆቹ አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል።

በሐምሌ 2004 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካ የፌዴራል፣ የክፍለ ግዛትና የአካባቢ ኃላፊዎች ሉዊዚያና ውስጥ ባተን ሩዥ ላይ ተሰብስበው «ፓም» በተባለ ምናባዊ አውሎ ነፋስ ለአምስት ቀን ተለማመዱ። ልምምዱ ኒው ኦርሊንስ በውሃ እንደምትዋጥ፣ ብዙ ሰው ከከተማው መውጣት እንደማይችል አሳይቶ ነበር። ከ13 ወር በኋላ ካትሪና የተባለው እውነተኛ አውሎ ነፋስ መጣ። ሰዎቹን የማጓጓዙ እቅድ ገና አላለቀም ነበር። ብሪታኒያም በዚያው አቆጣጠር በጥቅምት 2016 «ሲግነስ» በተባለ ልምምድ ከባድ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢመጣ ዝግጅቷ እንደማይበቃ አየች። ሪፖርቱ በይፋ የወጣው በ2020 ነው፤ ኮቪድ ከገባ በኋላ። ሁለቱም ልምምዶች ጥሩ ነበሩ። የጎደለው ከልምምዱ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

ስለዚህ አዳራሹን ሳትለቁ ከአምስት የማይበልጡ ውሳኔዎች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን የአንድ ሰው ስም ይኑር። «ሁሉም ሴክተር» ተብሎ የተጻፈ ሥራ የማንም አይደለም። ቢያንስ ሁለቱ በሰባት ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ በጀት የሚያልቁ ይሁኑ። የጤና ኃላፊው ወረዳ የመረጠው የመጀመሪያ ሥራ የስልክ ዝርዝር ነበር። የአሥራ አንድ ሰው ስልክ፣ የደጋው ወረዳ ሁለት ሰዎችም ተጨምረውበት፣ በአንድ ገጽ። አንዱ ቅጂ አስተዳደሩ በር ላይ ዘበኛው ቤት ተለጠፈ፤ ሌሊት እዚያ ያለው ዘበኛው ነውና።

በሦስት ወር ውስጥ ተመለሱ። ያንኑ ታሪክ አትድገሙ፤ መልሱን ያውቁታል። ታሪኩን ቀይሩ፣ የምታዩትን ባሕሪ ግን አትቀይሩ። አደጋ ብቻ መሆን የለበትም። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት በወሩ ለውሃ ቱቦ ሲቆፈር ያላየ የከተማ ነዋሪ የለም። መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ቴሌና ፋይናንስን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የእያንዳንዱን የዓመት እቅድ ቆራርሳችሁ ስጧቸው። ማን ቀድሞ ይቆፍራል የሚለውን ይወስኑ። ታዛቢዎቹ እንደገና መስመር ያስምሩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስቀሉ፤ ሴክተር ከሴክተር ጋር ያለው መስመር ከጨመረ ሰዎቹ እየተለወጡ ነው።

በጀት ከሌለስ?

የሰኞ ጠዋቱ የማኔጅመንት ስብሰባ አለ አይደል? ከእሱ ላይ 45 ደቂቃ ውሰዱ። ሦስት ካርድ ብቻ አዘጋጁ፣ ለሦስት የተለያየ ኃላፊ ስጡ። 15 ደቂቃ ይለማመዱ፣ ግማሽ ሰዓት ይነጋገሩ። አንዱን ካርድ ደግሞ ሥራው «የማይመለከተው» ለሚመስለው ሰው ስጡት።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ካርድ እኔ ልስጣችሁ። ለሰው ሀብት ኃላፊው ስጡት፦ «ትናንት ማታ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጎረቤትዎ፣ የቧንቧው ውሃ ከሦስት ቀን ጀምሮ ይሸታል፣ ሁለት ልጆቼም ተቅማጥ ይዟቸዋል አለችዎ።» ሰዓቱን ያዙ። ለማን እንደሚናገሩ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚናገሩ ጻፉ።